አንድ መሥመር፣ ሁለት ሰፈር፦ በጎንደር የመጠጥ ውሃ አከፋፈል ላይ የተዘጋጀ የጉዳይ ጥናት

በጎንደር ደቡብ ምዕራባዊ ክፍል፣ በአንድ ተዳፋት ላይ ከላይና ከታች የሚኖሩ ሁለት ሰፈሮች ከአንድ የቧንቧ መሥመር፣ በአንድ ቫልቭ፣ በአንድ የፈረቃ ቀን የመጠጥ ውሃ ያገኛሉ። በወረቀት ላይ ድርሻቸው እኩል ነው፤ ቫልቩ ለሁለቱም በአንድ ሰዓት ይከፈታል፣ በአንድ ሰዓትም ይዘጋል። ይሁን እንጂ የታችኛው ሰፈር በፈረቃው ሌሊት ሮቶውን ሞልቶ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ግቢውን አጠጥቶ ሲያድር የላይኛው ሰፈር ቧንቧውን ከፍቶ የአየር ፉጨት ሲያዳምጥ ይነጋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ሰፈሮች በዚህ ምክንያት እንዴት እንደተቃቃሩ፣ የጠቡ እውነተኛ ምክንያት ምን ሆኖ እንደተገኘና አከፋፈሉን እንዴት ለማስተካከል እንደሞከሩ ይዘረዝራል።

እኔ የምኖረው በላይኛው ሰፈር ነው። ስለዚህ ከአድልዎ ፈጽሞ የጸዳሁ ነኝ አልልም፤ ሆኖም በተቻለኝ መጠን ሁለቱም ወገኖች ባሉበት በደብተር የተመዘገበውን ብቻ ለመከተል ጥሬያለሁ። የሰፈሮቹንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። በአንድ እድር ሆነው አንዳቸው የሌላውን ሬሳ የሚያነሡ ጎረቤቶች ናቸውና፣ የትናንቱ ቅያሜ በስማቸው ተጽፎ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ውሃው ወደ ተዳፋቱ እስኪደርስ

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ኮረብታማ መሬት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሁለቱም ወንዞች ወደ ደቡብ ወርደው ከመገጭ ጋር ይቀላቀላሉ፤ መገጭም ጣና ሐይቅ ይገባል። ለቤተ መንግሥትና ለአድባራት የተመቸው ይህ መሬት ለቧንቧ ውሃ አስቸጋሪ ነው። የከተማዋ መሐል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውና አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት አዘዞ ደግሞ ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በመካከሉ ያለው ሁሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ውሃ ደግሞ ቁልቁለትን ይወዳል።

የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ዋና ምንጭ በአንገረብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ሲሆን፣ የጉድጓድ ውሃም ያግዘዋል። ግድቡ የታቀደው ከ5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ እንዲይዝ ነበር። ይህ ቁጥር ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ ከሕዝቡ ጋር ሲያስተያዩት ግን ጠባብነቱ ይታያል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 207,044 ነበር። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ደግሞ ጎንደርን ለመሰሉ፣ ሕዝባቸው ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ለሚደርስ ከተሞች ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር መድረስ አለበት ብሎ መለኪያ አስቀምጦ ነበር። ሁለቱን ብናባዛ በቀን ከ16,500 ሜትር ኩብ፣ በዓመት ከ6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ግድቡ በየክረምቱ እንደገና ስለሚሞላና ጉድጓዶቹም ስለሚያግዙት ስሌቱን እንዳለ መውሰድ አይገባም። ነገር ግን የዚያን ጊዜው ሕዝብ እንኳ በመለኪያው ልክ ቢጠጣ፣ ቢያበስልና ቢታጠብ ኖሮ የአንድ ዓመት ፍላጎቱ ግድቡ በአዲስነቱ እንዲይዝ ከታሰበው እንደሚበልጥ ያሳያል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከተማዋ በስፋትም በሕዝብ ብዛትም ብዙ ጨምራለች።

በዚህ ላይ ደለሉ አለ። ውሃውን ወደ ግድቡ የሚያወርደው ከ70 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ተፋሰስ አብዛኛው ገደላማና የታረሰ ነው። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ገና ሰብል ባልሸፈነው እርሻ ላይ ሲወርድ አፈሩን ጠርጎ ወደ ግድቡ ያስገባል፤ የገባውም ደለል የውሃውን ቦታ ይይዛል። ስለ ሰፈሮች ክርክር ስናወራ የምንረሳው ጎረቤት እዚህ ጋ ነው ያለው፦ ከግድቡ በላይ የሚኖረው ገበሬ። እርከን ሲሠራና ዳገቱን ከማረስ ሲቆጠብ የሚጠቀመው ከታች ያለው ከተሜ ነው። ከዚያ ቧንቧ እርሱ አይጠጣም፣ የውሃ ፈረቃ ሲወጣም ስሙ አይነሣም። በእኔ እምነት የጎንደር ውሃ ክፍፍል የሚጀምረው ከቫልቩ ሳይሆን ከዚያ ማሳ ነው።

ከማጣሪያው የወጣ ውሃ በከፍታ ቦታዎች ወደተሠሩት ማጠራቀሚያዎች በፓምፕ ይገፋል፤ ከማጠራቀሚያዎቹም በራሱ ክብደት ወደ ሰፈሮች ይወርዳል። ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ማጠራቀሚያው ሳይሞላ ይቀራል፣ ያን ቀን ተራው የነበረው ሰፈርም ፈረቃው ያመልጠዋል። ያመለጠው ፈረቃ በማግሥቱ ይተካ ወይስ ተራው ወደሚቀጥለው ሰፈር ይለፍ የሚለው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም ከፍተኛ ውዝግብ ያስነሣል። የማጀቱ እንስራ የደረቀበት ሰው መብራት የጠፋበትን ሌሊት እንደ ተሰጠው ሌሊት ሊቆጥርለት ለሚሻ ሰው በቀላሉ እሺ አይልም።

ሁለቱ ሰፈሮች

የታችኛው ሰፈር የቆየ ነው። ነዋሪዎቹ ቆጣሪ ያስገቡት መሥመሩ ሲዘረጋ ጀምሮ ነው፤ አንዳንዶቹ መሥመሩ የተቀበረበትን ቦይ የቆፈሩት ራሳቸው፣ በራሳቸው ጉልበት እንደሆነ ያስታውሳሉ። የላይኛው ሰፈር የተመሠረተው ዘግይቶ ሲሆን፣ ውሃ የገባለት ከታችኛው ሰፈር መሥመር ጫፍ ላይ ተቀጥሎ ነው። ቤቶቹ አዳዲስ ናቸው፤ በየግቢው ለተማሪ፣ ለቀን ሠራተኛና ለመንግሥት ሠራተኛ የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረዋል። ስለዚህ አንዱ ቆጣሪ በታችኛው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ሲያስተዳድር፣ በላይኛው ሰፈር አምስትና ስድስት ቤተሰብ ያስተዳድራል። ይህ ልዩነት በፈረቃ ሰሌዳው ላይ አይታይም።

ክርክሩ ሲብስ የሁለቱም ወገን አቤቱታ መልክ ያዘ። የላይኞቹ፣ የታችኞቹ ዲናሞ ከመሥመሩ ላይ በቀጥታ ቀጥለው ውሃውን ይስቡብናል አሉ። የታችኞቹ መሥመሩ ለእኛ ተብሎ የተዘረጋ ነው፣ እናንተ ኋላ የመጣችሁ ናችሁ፣ ከዚያም በላይ ውሃ ስታጡ ጀሪካን ይዛችሁ ወደ ደጃችን ስትመጡ ማን ከለከላችሁ ብለው መለሱ። ይህ የመጨረሻ አባባላቸው እውነት ነበር። የላይኛው ሰፈር ሴቶችና ልጆች በየፈረቃው ማግሥት ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከታች ዳገቱን ሲወጡ ማየት የተለመደ ነበር፤ የታችኞቹ አብዛኞቹ ገንዘብ ሳይቀበሉ ይቀዱላቸው ነበር። ደግነት ግን የማይጠፋ ምንጭ አይደለም። የሚለምነውም ያፍራል፣ የሚሰጠውም ይሰለቻል። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት አንድ ጥርጣሬ ነበር፦ ቫልቭ የሚከፍተው ሠራተኛ ጉቦ ሳይበላ አልቀረም የሚል። ይህ ጥርጣሬ ያለ አንዳች ማስረጃ ለረጅም ጊዜ ሲናፈስ ቆየ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እኔም በዝምታዬ ተባባሪ ስለነበርኩ ይጸጽተኛል።

ደብተሩ

ነገሩን ያቀናው የላይኛው ሰፈር ነዋሪ የሆኑ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው እኚህ ሰው በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ከመካሰሳችን በፊት እንለካ አሉ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከታችኛው ሰፈር እጅግ ዝቅ ያለ ቤት፣ በመካከል ያለ ቤትና ከላይኛው ሰፈር እጅግ ከፍ ያለ ቤት ተመርጦ፣ በፈረቃው ሌሊት በየሰዓቱ አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት ተይዞ በተማሪ ደብተር ላይ እንዲጻፍ ነው። በሦስቱም ቤት ከሁለቱም ሰፈር አንድ አንድ ሰው እንዲያድር ተወሰነ። ጋሼ በዚህ አጥብቀው ያዙ፤ የላይኛው ሰው የላይኛውን ብቻ ለክቶ ቢመጣ የታችኛው አያምነውም ነበርና።

የጀሪካን መለኪያ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከፈረቃ ሰሌዳ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ሃያ ሊትር በ1 ደቂቃ የሚሞላ ቧንቧ በሰዓት 1,200 ሊትር ይሰጣል። ያው ጀሪካን በ10 ደቂቃ የሚሞላበት ቧንቧ የሚሰጠው 120 ሊትር ነው። ሁለቱ ባለቤቶች እኩል ስድስት ስድስት ሰዓት ተከፍቶላቸዋል ቢባል አንዱ 7,200 ሊትር፣ ሌላው 720 ሊትር ያገኛል። ሰሌዳው ሁለቱንም «ስድስት ሰዓት» ብሎ ይጽፋቸዋል። እኛ ለዓመታት የተጨቃጨቅነው በሰዓት ነበር፤ የሚጠጣው ግን ሊትር ነው።

ከበርካታ ፈረቃዎች በኋላ ደብተሩ ሲነበብ ሦስት ነገሮች ግልጽ ሆኑ። በመጀመሪያ፣ ቫልቩ በሰዓቱ ይከፈትና በሰዓቱ ይዘጋ ነበር። ሠራተኛው ያላጠፋው ጥፋት ሲነገርበት ኖሯል፤ እድሩም ይህን በጉባኤ ፊት በይፋ ተናገረ። ሁለተኛ፣ በከፍተኛው ቤት ውሃ የሚመጣው ቫልቩ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ሰዓት ዘግይቶ፣ አንዳንድ ሌሊትም ጨርሶ አይመጣም ነበር። ሦስተኛውና ያልተጠበቀው፣ ከፍተኛው ቤት ውሃ ማግኘት የሚጀምረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ማለትም የታችኛው ሰፈር ሮቶዎች ሞልተው የሚዘጉት ሲዘጉ መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የውሃን ጠባይ ማስታወስ ይበቃል። የ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር የሚባለውን ግፊት ይበላል፤ በሁለት ቤቶች መካከል 30 ሜትር ልዩነት ካለ፣ የላይኛው ቤት ውሃ የሚያየው መሥመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይህን 3 ባር ከፍሎ የሚተርፈው ሲኖር ብቻ ነው። ከታች ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ ክፍት ከሆኑ ግን ግፊቱ እዚያው ታች ይፈስሳል እንጂ አይተርፍም። የውሃውንም መጠን እናስላ። ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ ውስጥ ውሃ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት ቢሄድ በሰዓት የሚያልፈው 28 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንድ መቶ ቤቶች እያንዳንዳቸው 1,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ሮቶ ቢኖራቸው እነርሱን ለመሙላት ብቻ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። የታችኛው ሰፈር ሳይሰርቅ፣ ዲናሞ ሳይቀጥል፣ ሕጋዊ ቆጣሪውን ብቻ ይዞ የላይኛውን ፈረቃ ሊበላ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ሮቶ የግል ዕቃ ነው፤ ሁሉም በየቤቱ ሲገዛው ግን የሰፈሩን መሥመር ባሕርይ ይለውጠዋል።

ሌላም ነገር ታየ። መለኪያውን ይዘው ያደሩት ሰዎች በሌሊቱ ጸጥታ የውሃ መውረድ ድምፅ ሰምተው ሲከታተሉ፣ ሞልተው በፈሰሱ ሮቶዎች ምክንያት ውሃ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲገባ አገኙት። ሮቶው ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰብሮ ወይም ከመጀመሪያው ሳይገጠም ቀርቶ፣ ባለቤቱ ተኝቶ፣ የመጠጥ ውሃ እስኪነጋ ይፈስሳል። የላይኛው ሰፈር ልጅ በማግሥቱ ጀሪካን ይዞ የሚወርደው በዚያው ቦይ ዳር ነው። ይህን ያዩ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ራሳቸው አዘኑ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ንግግሩ ሁሉ ተለወጠ ብል ማጋነን አይሆንም።

ዲናሞ የሚለው ክስም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ በሁለቱም ሰፈር ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ይህ ከፍትሕም በላይ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በፈረቃ የሚሠራ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ባዶ ቧንቧ በተሰነጠቀበት ቦታ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ያስገባል። ዲናሞ በቀጥታ ከመሥመሩ ሲስብ ይህን ያባብሰዋል፤ ከስንጥቁ አጠገብ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ ቦይ ካለ የሚሳበው እርሱ ነው። ፈረቃ ሲጀምር የሚመጣው የደፈረሰ ውሃ መደፋት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ጀርም እንዲገድል በውሃው ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በተጠቃሚው ቧንቧ ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል፤ በሮቶ ውስጥ ለብዙ ቀናት በቆየ ውሃ ውስጥ ግን ይህ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) አሠልጥና ወደ አገሪቱ ገጠሮች ያሰማራች ከተማ ናት። ምንጭ እንዴት እንደሚጠበቅ ለሌላው ያስተማረች ከተማ ልጆቿ ከተሰነጠቀ ቧንቧ የተሳበ ውሃ ሲጠጡ ማየት ለእኔ ከባድ ነው።

ስምምነቱ

በአካባቢያችን ገጠር በመስኖ የሚያለማ ሰው ሁሉ የውሃ አባት የሚባለውን ያውቃል። የወንዙን ውሃ በየማሳው ተራ የሚያከፋፍል፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ፣ ቦይ ሲደፈን ሰው የሚያሰማራ፣ በተጠቃሚዎቹ የተመረጠ ሰው ነው። በስብሰባው ላይ የታችኛው ሰፈር አንዲት ባልቴት፣ እናንተ ለቧንቧ የውሃ አባት አጣችሁ እንዴ ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰፈሮች ከየራሳቸው ሁለት ሁለት ሰው መረጡ፤ ከባልቴቲቱ ቃል የተነሣም ሰዉ ኮሚቴ ከማለት የውሃ አባቶች ይላቸው ጀመር። ባልቴቲቱ ራሳቸው ከተመረጡት አንዷ ስለሆኑ ስሙ ትክክል አይደለም ያለ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስሙ ምን ይጎዳል ብለው ተቀበሉት።

የተስማሙበት ነገር ይህ ነው። በፈረቃው ሌሊት መጀመሪያ የሚሞላው የላይኛው ሰፈር ይሆናል፤ የታችኛው ሰፈር እያንዳንዱ ቤት ወደ ሮቶው የሚወስደውን መዝጊያ እስከ እኩለ ሌሊት ዘግቶ ይቆያል፣ ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን ጥቂት ጀሪካን መቅዳት ግን አይከለከልም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የታችኛው ይከፍታል። ዲናሞ ከመሥመሩ ላይ በቀጥታ አይቀጠልም፤ ከሮቶ ወደ ላይኛው ፎቅ መግፋት ግን ይፈቀዳል። ተንሳፋፊ ኳስ የሌለው ወይም የተሰበረበት ሮቶ ይጠገናል፤ አቅም ለሌለው ባለቤት እድሩ ያግዛል።

ለምን የላይኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራከረ፣ በአግባቡም ነው። መልሱ ያለው በቁልቁለቱ ላይ ነው። የታችኛው ቅድሚያ ካገኘ ለላይኛው የሚደርሰው ትርፉ ብቻ ነው፣ ትርፍ ከሌለ ምንም የለም። የላይኛው ከቀደመ ግን የታችኛው ሲከፍት ግፊቱ በራሱ ይመጣለታል። ከዚህም ሌላ ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ በላይኛው ሰፈር ቧንቧ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ በታችኛው ሰፈር ቧንቧዎች ይወርዳል። 100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ውስጡ ወደ 8 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ይህ ውሃ ማንም ሳይሰጠው በየፈረቃው ለታችኛው ሰፈር የሚተርፍ ድርሻ ነው። ጋሼ ይህን በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥለው ሲያሳዩ ከታችኛው ሰፈር አንድ አዛውንት፣ እንዲህ ከሆነስ እኛ ምን አጣን ብለው ተቀመጡ።

የቃል ስምምነት ግን በየቤቱ መዝጊያ ላይ የቆመ ስለሆነ ደካማ ነበር። አንዱ ሲረሳ ሌላው ይቆጣል፤ አንድ ሌሊት ሦስት ቤት ከከፈተ የሌሎቹ ትዕግሥት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ሰፈሮች በአንድነት ፈርመው፣ በሁለቱ መካከል መሥመሩ በሚቀጠልበት ቦታ ተጨማሪ ቫልቮች እንዲገቡና የታችኛው ሰፈር ቅርንጫፎች ለብቻቸው እንዲዘጉ ለሚመለከተው ክፍል አመለከቱ። ማመልከቻው መልስ ሳያገኝ ብዙ ወራት ቆየ፤ በድጋሚ ሲጠይቁም ዕቃ የለም የሚል ምላሽ ብቻ ነበር የተሰጣቸው። በመጨረሻ ነዋሪው የቫልቮቹን ዋጋ አዋጥቶ ከፈለ፣ ሥራውን የውሃ ሠራተኞቹ ሠሩት። ጉቦ በላ የተባለው ሠራተኛ ቁፋሮው ላይ ከነዋሪው ጋር ሲቆፍር መዋሉን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለውጡ ምን ያህል ነው? ደብተሩ ቀጥሏል፣ በየፈረቃው ይጻፋል። በከፍተኛው ቤት አሁን ውሃ በአብዛኛው ሌሊት ይደርሳል፤ ጀሪካኑ ከታች እንደሚሞላው ፈጥኖ አይሞላም፣ ነገር ግን ይሞላል። ከታች ጀሪካን የሚቀዳው ሰው ቁጥር ቀንሷል። የታችኛው ሰፈር ሮቶም ከመሙላት አልቀረም፤ የቀረው ሞልቶ መፍሰሱ ነው።

ያልተፈቱት ጉዳዮች

ስምምነቱ ያልነካቸው ሰዎች አሉ፤ ዋነኞቹ ተከራዮች ናቸው። በፈረቃው ሌሊት የተሞላው ሮቶ የባለቤቱ ነው፤ ተከራዩ የሚያገኘው ባለቤቱ የፈቀደለትን ጀሪካን ብቻ ነው። ፈረቃው በ10 ቀን አንዴ ቢሆን፣ 1,000 ሊትር ሮቶ አምስት ሰው ላለው አንድ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ያደርሳል፤ ይህም ለመጠጥ፣ ለምግብና ለእጅ መታጠቢያ ያህል ነው። ያንኑ ሮቶ አምስት ቤተሰብ ሲካፈለው የሚደርሰው ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ይሆናል። የቀረውን ከጋሪና ከባጃጅ በጀሪካን ይገዛዋል፤ በዚህም ምክንያት በሰፈሩ ውስጥ ለሊትር ውሃ ውዱን ዋጋ የሚከፍለው እጅግ ድሃው ነው። የውሃ አባቶቹ ይህን ለማንሣት ሞክረው፣ ግቢ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው የሚል መልስ ገጠማቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው ይደነግጋል። ይህ መልካም ድንጋጌ ቤትን ከመስኖና ከፋብሪካ ያስቀድማል እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ባለቤትን ከተከራይ አይዳኝም። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚዳኘው ቁልቁለቱና የመዝጊያው ባለቤት ነው።

ሌላው ጉዳይ በዓል ነው። ለጥምቀት ከተማዋ ከአቅሟ በላይ እንግዳ ትቀበላለች፤ ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚሞላው የፋሲለደስ መዋኛም የሚዘጋጀው በዚያው ሰሞን ነው። የእንግዳው ፍላጎት በፈረቃው ላይ ሲጫን ሰሌዳው ይናጋል፣ ዳር ላይ ያሉ ሰፈሮችም ወደ ኋላ ይቀራሉ። በባለፈው ጥምቀት የእኛ ሰፈሮች ተራ ሲዘልል የውሃ አባቶቹ አስቀድመው ስለሰሙ ሁለቱም ሰፈር ከሳምንት በፊት ሮቶውን ሳያባክን እንዲይዝ አስነግረው ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከቅዳሴ በኋላ ነበር የተነገረው።

ብዙ ሰው የሚጠብቀው መገጭን ነው። በመገጭ ወንዝ ላይ ግንባታው በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው ግድብ ከታች ባለው ሜዳ መስኖ ከማልማቱ በተጨማሪ ለጎንደር የመጠጥ ውሃ እንዲሰጥ የታቀደ ሲሆን፣ ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቷል። ሲጠናቀቅ ከተማዋ ከምትገኝበት ጭንቅ እንደሚያወጣት እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ሆኖም ውሃው ሲበዛ ክፍፍሉ በራሱ ይቃናል ብዬ አላምንም። ውሃው የሚመጣው በዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ዳገት ላይ ነው፤ የታችኛው ሰው ሁለተኛ ሮቶ ቢገዛ የላይኛው ቧንቧ እንደገና ማፏጨት ሊጀምር ይችላል።

ከሰፈሮቹ በላይ በኩል አሁን አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው። መሠረታቸው የወጣ፣ ቆርቆሮ የለበሱ፣ ሰው የገባባቸውም አሉ። ባለፈው ወር ነዋሪዎቹ መሥመር እንዲቀጠልላቸው አመለከቱ፤ መሥመሩ የሚቀጠለው ከእኛ ጫፍ ላይ ነው። የውሃ አባቶቹ ስብሰባ ሲጠሩ ከላይኛው ሰፈር አንዳንዶቻችን መሥመሩ ለእኛ ተብሎ የተዘረጋ ነው ማለት ጀመርን። ጋሼ ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥተው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው፣ ለሁሉም እንዲታይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በሚቀጥለው ፈረቃ ሌሊት ከአዲሱ ሰፈር ሁለት ሰዎች ጀሪካን ይዘው በከፍተኛው ቤት ሊያድሩ ተስማምተዋል።